አዲስ የኤችአይቪ ኬዝ እንዴት ሪፖርት ይደረጋል? ለጤና ጣቢያና ለክሊኒክ ሠራተኞች

ወደ ኤችአይቪ ምርመራ ክፍል አዲስ የተመደበ ነርስም ሆነ የላብራቶሪ ባለሙያ ሁሌም አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ዛሬ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ወጣ። ለማን ነው የማሳውቀው? ስሙን ለወረዳ ልላክ?» የግል ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩም በቴሌግራም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ስም ወደ ወረዳ አይሄድም፤ የሚሄደው ቁጥር ነው። ኤችአይቪ እንደ ኮሌራ ወይም እንደ ኩፍኝ ወዲያው ስልክ የሚደወልበት በሽታ አይደለም።  መንገዱ ወርሃዊው የአገልግሎት ሪፖርት ነው፤ በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ በሚሰበሰብበት የኮምፒውተር ሥርዓት) በኩል ይሄዳል። ኬዝ ቤዝድ ሰርቬይላንስ (እያንዳንዱን ኬዝ ለብቻው የሚከታተል ቅኝት) በተጀመረባቸው ተቋማት ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ኬዝ ለብቻው አንድ ቅጽ ይሞላል።

ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ነው። እያነበባችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የምንቆጥረው ሰው ነው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ቢመረመርና ሦስቱም ቦታ ፖዘቲቭ ቢባል አዲሱ ኬዝ አንድ ብቻ ነው። የሪፖርት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አጠገባችሁ የሚኖሩ ነገሮች

- የኤችአይቪ ምርመራ መዝገብ (ለእርጉዞች የኤኤንሲ፣ ማለትም የእርግዝና ክትትል፣ እና የማዋለጃ ክፍል መዝገብ)
- የታሊ ወረቀት (ለእያንዳንዱ ሰው የቆጠራ ምልክት የሚደረግበት)
- የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት) መዝገብ፣ ወይም ስማርት ኬር (የታካሚ መረጃ መያዣ ፕሮግራም) ያለበት ኮምፒውተር
- የሪፈር ወረቀት
- የኢንዴክስ ምርመራ መዝገብ (ፖዘቲቭ የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚመረመሩበት)
- የወርሃዊ ሪፖርት ቅጽ
- የኬዝ ሪፖርት ቅጽ፣ ተቋማችሁ የሚሠራበት ከሆነ
- ቁልፍ ያለው ካቢኔት፣ ከነቁልፉ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ ካቢኔት ክፍት እንደማለት ነው
- ያለንበት ወር የተጻፈበት የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ

ደረጃ 1፦ ውጤቱ የተረጋገጠ መሆኑን እዩ

አንድ የምርመራ ኪት ስለቀላ ኬዝ አይባልም። በብሔራዊው የምርመራ ቅደም ተከተል አንድ ሰው ፖዘቲቭ የሚባለው ሦስት የተለያዩ ኪቶች ተከታትለው ፖዘቲቭ ሲሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፖዘቲቭ ብለው ሦስተኛው ኔጌቲቭ ካለ ውጤቱ «ያልተወሰነ» ይባላል። ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመረመራል። እስከዚያ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ያልተወሰነ» ነው፣ ፖዘቲቭ ብሎ መቁጠር አይቻልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተሳሳተ ፖዘቲቭ ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ሊወስድ፣ ትዳሩም ሊፈርስ ይችላል። ሪፖርቱን ማረም ቀላል ነው፤ ያንን ማረም ግን አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን በተራ የጣት ደም ኪት ፖዘቲቭ ቢል እንደ አዲስ ኬዝ አትቁጠሩት። የእናቱ አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ ስላለ ኪቱ እናቱን ነው የሚያሳየው። ከእናቱ ለተጋለጠ ሕፃን ከ6 ሳምንቱ ጀምሮ የዲቢኤስ (ወረቀት ላይ የደረቀ ደም) ናሙና ይወሰድና ለፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን ለሚፈልግ ምርመራ) ይላካል። ፒሲአሩ ፖዘቲቭ ከሆነ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል፤ ለማረጋገጫ ሁለተኛ ናሙናም ይወሰዳል። ሁለተኛውን ናሙና ስትልኩ ታዲያ ሕፃኑን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳትቆጥሩት።

ደረጃ 2፦ አዲስ ነው ወይስ የታወቀ?

ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ ስጡት የምላችሁ ደረጃ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ግን ቶሎ የሚያልፈው እሱን ነው።

ፖዘቲቭ መሆኑን እያወቀ እንደገና የሚመረመር ሰው አለ። አንዱ ጠበል ቆይቶ መጥቶ «እስቲ ልየው» ይላል። ሌላዋ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ስትዛወር የትራንስፈር ወረቀት መጠየቅ ታፍራለች። ከዜሮ ብጀምር ይሻላል ብላ ቪሲቲ (ሰው ራሱ ፈልጎ የሚመረመርበት ክፍል) ትገባለች። ሌላው ሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ ጎረቤት ስለሚያየው ስሙን ቀይሮ ሌላ ክፍለ ከተማ መድኃኒት ይወስዳል። እነዚህን ሁሉ አዲስ ብላችሁ ከቆጠራችሁ በወረዳው ኤችአይቪ የጨመረ ይመስላል። ኪትም መድኃኒትም ያለ ቦታው ይመደባል። ቀድሞ ይዟቸው የነበረው ተቋም ደግሞ «ጠፋ» ብሎ መዝግቧቸው ሰው ይልክባቸዋል።

ስለዚህ ከውጤቱ በኋላ፣ ሰውየው ትንሽ ከተረጋጋ፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

- «ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ? ውጤቱ ምን ነበር?»
- «በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ካርዱ ወይም ጠርሙሱ አብሮዎት አለ?»
- «ሌላ ጤና ተቋም ካርድ አለዎት? እዚያ መቀጠል ካልፈለጉ እኛ እናዛውርዎታለን፣ ችግር የለውም።»

ሦስተኛዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት። ሰው የሚዋሸው ቁጣ ሲፈራ ነው። «ለምን አቋረጥክ?» ካላችሁት ቀጥሎ የምትሰሙት ሁሉ አዲስ ታሪክ ይሆናል። ዕድሜው ከእናንተ የሚበልጥ ከሆነ አንቱታውን አትርሱ፤ «አባባ፣ እናዛውርዎት» ማለት ብዙ ይሠራል።

የምትወስኑት እንዲህ ነው፦

- ከዚህ በፊት ፖዘቲቭ ተብሎ የማያውቅ ከሆነ አዲስ ኬዝ ነው። ይቆጠራል።
- ፖዘቲቭነቱ የታወቀና መድኃኒት ያልጀመረ ከሆነ አዲስ ፖዘቲቭ ተብሎ አይቆጠርም። ዛሬ መድኃኒት ከጀመረ ግን ኤአርቲ አዲስ ጀማሪ ሆኖ ይቆጠራል።
- መድኃኒት እየወሰደ ከሌላ ተቋም ከመጣ ትራንስፈር ኢን (ተዛውሮ የመጣ) ነው። አዲስ ፖዘቲቭም አዲስ ጀማሪም አይደለም።
- አቋርጦ የተመለሰ ከሆነ የድሮ ቁጥሩ ተፈልጎ ይቀጥላል። አዲስ ቁጥር አይሰጠውም።

እርጉዝ ሴት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ፖዘቲቭ መሆኗን እያወቀች ኤኤንሲ የመጣችና እዚያው ተመርምራ ዛሬ ያወቀች ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ ነው የሚገቡት። ሁለቱን ማደባለቅ የእናት ወደ ልጅ መከላከል ሪፖርቱን በሙሉ ያበላሸዋል።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ሙሉ

የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የምርመራው ዓይነት (ራሱ ፈልጎ በቪሲቲ ነው ወይስ ባለሙያ አቅርቦለት)፣ የሦስቱም ኪቶች ውጤት፣ የመጨረሻው ውጤት፣ ቀን፣ ፊርማ። ዕድሜን «ትልቅ ሰው» ወይም «30ዎቹ» ብላችሁ አትጻፉ። ሪፖርቱ በዕድሜ ክልልና በፆታ ተከፋፍሎ ስለሚሠራ 24 እና 25 ዓመት የተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ ይገባሉ።

«ማታ አስታውሼ እሞላዋለሁ» አይሠራም። ማታ ላይ የሚታወሰው ፊቱ እንጂ የካርድ ቁጥሩ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አይቀመጥ። ቀጣዩ ተመርማሪ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በካርዱ ሽፋን ላይ ቀይ መስመር፣ ኮከብ፣ ወይም «እኛ ብቻ የምናውቀው» ምልክት ማድረግም ይቅር። ካርድ ክፍል ውስጥ ምልክቱን የማያውቅ ሰው የለም።

ደረጃ 4፦ ኤአርቲ ክሊኒክ ድረስ አድርሱት

የሪፈር ወረቀት ሰጥቶ «ሦስተኛው በር ነው» ማለት በቂ አይደለም። አብራችሁ ሂዱ፣ ወይም ኬዝ ማናጀሩን ጥሩት። በሪፖርት ላይ በምርመራ የተገኙት ፖዘቲቮችና ከኤአርቲ ጋር የተገናኙት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ልዩነቱ ከበዛ ወረዳው «የት ሄዱ?» ይላችኋል። እናንተም ያኔ የምትመልሱት ያጣችሁ እንደሆነ ሰውየው በእውነት ጠፍቷል ማለት ነው።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በአዲስ ናሙና፣ በሌላ ባለሙያ የማረጋገጫ ምርመራ ይደረጋል። ይህ ድጋሚ ምርመራ እንደ ሌላ አዲስ ፖዘቲቭ አይመዘገብም። በአንድ ወር ውስጥ ፖዘቲቮቻችሁ በድንገት እጥፍ ከሆኑ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህንን ነው።

መድኃኒት ሲጀምር ልዩ የኤአርቲ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ክልል ቢቀይርም በዚያው ቁጥር ነው የሚሄደው። የስልክ ቁጥሩን ስትቀበሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ስንደውል ሌላ ሰው ካነሳው ማን ነን እንበል?» መልሱን ጻፉት።

ደረጃ 5፦ የኬዝ ሪፖርት ቅጹ (ባለበት ተቋም ብቻ)

ኬዝ ቤዝድ ሰርቬይላንስን የሚመራው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ወርሃዊው ሪፖርት «ስንት ሰው?» ሲል ይሄኛው አንድን ሰው ከምርመራው ቀን ጀምሮ ይከተለዋል፦ መድኃኒት መቼ ጀመረ፣ ሲዲ4 (የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር) ስንት ነበር፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) ወረደ ወይ፣ ተዛወረ ወይ፣ አረፈ ወይ። ስለዚህ አንዴ ሞልታችሁ የምትረሱት ቅጽ አይደለም።

ቅጹ የጠየቀውን ብቻ ሙሉ። ያልተጠየቀ ስም ወይም የቤት ቁጥር ጠርዙ ላይ አትጨምሩ። ቅጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለፎካሉ (ለጉዳዩ ተጠሪ) መላክ ደግሞ ክልክል ነው በሉት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ልጅ ይጫወትበታል፤ ግሩፑ ውስጥም ከሥራ የለቀቀ ሰው አለ። ኔትወርክ ከሌለ ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ በእጅ ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ የትዳር ጓደኛና ልጆች

«ለባለቤቷ እኔ ልንገረው?» የሚለውም ተደጋግሞ ይመጣል። ያለ እሷ ፈቃድ አይነገርም። የኢንዴክስ ምርመራ በፈቃደኝነት ነው። ምርጫዎቹን ዘርዝሩላት፦ ራሷ ትነግረዋለች፣ አብረው መጥተው ባለሙያ ባለበት ይነጋገራሉ፣ ወይም እሷ ስትስማማ ጤና ተቋሙ ማን እንደጠቆመ ሳይናገር ለምርመራ ይጠራዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። «ቢያውቅ ይመታሻል ብለሽ ትሰጊያለሽ?» አዎ ካለች መጥራቱ ይቆማል። መጀመሪያ ደህንነቷ ይታያል። ለሪፖርት ኮታ ተብሎ የሴትን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ቁጥር ባይኖር ይሻላል።

ባልየው መጥቶ ተመርምሮ ፖዘቲቭ ከሆነ የራሱ አዲስ ኬዝ ነው። በራሱ መስመር፣ በራሱ የካርድ ቁጥር፣ የተገኘበት መንገድ ኢንዴክስ ተብሎ ይመዘገባል። በእሷ መስመር ላይ «ባሏም» ተብሎ አይጻፍም።

ደረጃ 7፦ ወሩን መዝጋት

የሪፖርት ወር ከ1 እስከ 30 አይደለም። ካለፈው ወር 21 ተነስቶ በዚህ ወር 20 ያልቃል። ኅዳር 20 ተመርምሮ ኅዳር 23 መድኃኒት የጀመረ ሰው ፖዘቲቭነቱ በኅዳር ሪፖርት፣ መድኃኒት መጀመሩ በታኅሣሥ ሪፖርት ይገባል። ሁለቱን በአንድ ወር ለማስገባት ብላችሁ ቀን አትቀይሩ። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ስለሚጀምር ጳጉሜን ያካትታል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ።

በ20 ማታ ከመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ሥር አስምሩ። ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ፦

1. የታሊውን ድምር ከመዝገቡ መስመሮች ጋር አስተያዩ።
2. የቪሲቲ፣ የኤኤንሲ፣ የቲቢ፣ የተመላላሽና የተኝቶ ክፍል ታሊዎችን ሁሉ ሰብስቡ። አንዱ ክፍል ተረስቶ ቁጥር የሚጠፋው እዚህ ነው።
3. አገልግሎቱ ተሰጥቶ ፖዘቲቭ ካልተገኘ 0 ጻፉ። ባዶ ሣጥን ያነበበ ሰው አልተሠራም ይሁን አልተገኘም ማወቅ አይችልም።
4. ኤልኳስ (የመረጃ ጥራት ፍተሻ) ሥሩ። 12 የመረጃ ነጥቦችን በዕጣ አውጡና ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር አነጻጽሩ። ያልገጠመውን ከመላካችሁ በፊት አርሙ።
5. የክንውን ክትትል ቡድኑ (ፒኤምቲ) አይቶ ይፈርም።

ጤና ጣቢያና ሆስፒታል እስከ 26 ድረስ ያስገባሉ። ከዚያ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ፣ ዞን፣ ክልል ጤና ቢሮ፣ ጤና ሚኒስቴር ይቀጥላል። የግል ክሊኒክ ከዚህ ነፃ አይደለም። ኤችአይቪ የምትመረምሩ ከሆነ ሪፖርታችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ይገባል።

ደረጃ 8፦ ከተላከ በኋላ ስህተት ቢገኝ

ከመዝገቡ ላይ በነጭ ቀለም አታጥፉ፣ ገጽም አትቅደዱ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፣ ቀንና ፊርማ አኑሩ። ከዚያ ለወረዳው የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ) ባለሙያ የትኛው ወር፣ የትኛው ሣጥን፣ ከስንት ወደ ስንት እንደሚታረም በጽሑፍ አሳውቁ። «በሚቀጥለው ወር ቀንሼ አካክሰዋለሁ» የሚል ዘዴ አለ። አታድርጉት፤ ሁለት ወር የተሳሳተ ሪፖርት ይኖራችኋል።

ሌላ ሰው ውጤት ቢጠይቃችሁ

የሪፖርት ተቀባዩ የጤና መዋቅሩ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ጠያቂ ነው እንጂ ተቀባይ አይደለም።

ቀጣሪ ደውሎ ቢጠይቅ አትመልሱ። ለጋብቻ የሚመረመሩ ጥንዶች ከሆኑ ውጤቱ ለየራሳቸው ነው የሚነገረው፤ አብረው ለመስማት ከተስማሙ አብረው ይሰማሉ፣ ለሽማግሌ ወይም ለሃይማኖት አባት አይላክም። ወደ አረብ አገር ልትሄድ የምትመረመር ልጅ ውጭ ቆሞ የሚጠብቃት ደላላ ቢኖር እሱም ምንም አይሰማም። ፖሊስ ከመጣ በቃል አትመልሱ፤ ወደ ተቋሙ ኃላፊ ምሩት፤ ኃላፊው በጽሑፍ የመጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መኖሩን ያያል።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያ ምክንያት የታወቀን ምሥጢር መግለጥን ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ከሥራ ብትለቁም ምሥጢሩ ከእናንተ ጋር ይቆያል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ትራንስፈር ኢንን አዲስ ጀማሪ ማድረግ አንደኛ ነው። ሁለተኛው፣ የላብራቶሪውና የቪሲቲው ክፍል ያንኑ ሰው ሁለቱም ታሊ ላይ መቁጠራቸው ነው። ማን እንደሚቆጥር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ውጤቱን የሚነግረው ክፍል ቢቆጥር ይሻላል። ሦስተኛው ኪት አልቆ በሁለት ኪት ብቻ ፖዘቲቭ ማለት ነው። ኪት ካለቀ ሰውየውን ወዳለበት ተቋም ላኩት፣ መቁጠሩም የዚያ ተቋም ይሁን። ሌላው የማየው፣ የድሮ ታሊና የተበላሸ ቅጽ ለሱቅ መጠቅለያ መሰጠቱ ነው። የካርድ ቁጥርና ዕድሜ ያለበት ወረቀት ይቃጠላል ወይም ይቀደዳል፤ ስኳር አይጠቀለልበትም።

አሜሪካ ላላችሁ

እዚያ ነርስ ሆናችሁ የምትሠሩ፣ የዚህን አገር ልማድ ይዛችሁ አትግቡ። ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች አዲስ ኬዝ የሚላከው በስም ነው። ስሙ ለግዛቱ ወይም ለአካባቢው ጤና መምሪያ ይደርሳል፤ ወደ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ሲያልፍ ግን ስሙ ተነስቶ ነው። ቀነ ገደቡም እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ 7 ቀን ነው። ላብራቶሪው ለብቻው ቢልክም «እነሱ ልከውታል» ብሎ መተው አይቻልም፤ የሐኪሙ ሪፖርት ለብቻው ግዴታ ነው። የምትሠሩበት ግዛት ቅጽ የትኛው እንደሆነ የክሊኒኩን የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።